እንደ ጭነት ወይስ እንደ ችግኝ?



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን መነሻ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ በጫኝና አውራጅነት እየሠራ የትምህርቱን ወጪ ይሸፍንለታል። እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ወንድሜ ያላደረገልኝ ነገር የለም። ግን አንድ ሐሳብ በተናገርኩ ቁጥር ያወጣልኝን ብር ይቆጥርብኛል። ትምህርቴን ትቼ ሥራ ልግባና ከሰው እጅ ልውጣ? ሰው እስከ መቼ በሰው ተደግፎ ይኖራል?»

ይህ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ዐረብ አገር ያለች እህት በምትልከው ገንዘብ የተማርነው? ስንቶቻችን ነን አጎት ቤት ተጠግተን ያደግነው? በሌላ በኩል ደግሞ ስንቶቻችን ነን ዛሬ ታናናሾቻችንን የምናስተምረው? ጥያቄው ሁለቱንም ወገን ይነካል። መደገፍ በራሱ ውርደት ነው ወይ? የሚደግፍ ሰውስ በሚደግፈው ሰው ላይ ምን ያህል መብት አለው?

ለዚህ መልስ ሩቅ አንሂድ። ልጁና ወንድሙ የሚኖሩባትን ሞጆን እንይ።

ሞጆ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለው እዚያ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በመኪናም በባቡርም ይደርሳል፤ ይራገፋል፣ ይደረደራል፣ ተፈትሾ ወደየባለቤቱ ይሄዳል። ዕቃ ኮንቴይነር ውስጥ ሲጫን እንዴት እንደሚታሰር ያየ ሰው ያውቃል። በቀበቶ ጥርቅም ተደርጎ ይወጠራል፣ ክፍተቱ ላይ እንጨት ይሰገሰጋል፣ በሩ ይታሸጋል። ይህ ሁሉ ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ ነው። ጥሩ እስር ማለት ዕቃው ከተነሣበት ቦታ እንደነበረ ሆኖ የሚደርስበት እስር ነው። ትንሽ ከላላ መርከቡ ሲናወጥ ወይም መኪናው ሲዞር ይሰበራል።

አሁን ደግሞ ከወደቡ ወጥታችሁ ወደ አንድ ጓሮ ግቡ። አካባቢው የቲማቲም አገር ነው። ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ ብንል ቲማቲማቸው የአዲስ አበባን ገበያ የሚሞላ ቦታዎች ናቸው። መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት ዝርያዎች የወጡትም ከአዳማ ብዙም ከማይርቀው ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየጓሮው አትክልት መትከል ይበልጥ ተለምዷል። በእንዲህ ያለ ጓሮ ውስጥ የቲማቲም ችግኝ አጠገብ አንድ እንጨት ቆሞ ታያላችሁ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፤ ሸምበቆ ወይም የተሰበረ ፓሌት ቁራጭም ሊሆን ይችላል። ግንዱ ከእንጨቱ ጋር በብጣሽ ጨርቅ ወይም በሲባጎ ታስሯል።

ይህም እስር ነው። ግን ዓላማው ከኮንቴይነሩ እስር ፈጽሞ ይለያል። ዕቃው የሚታሰረው እንዳይንቀሳቀስ ነው፤ ተክሉ የሚታሰረው እንዲያድግ ነው። ዕቃው ሲደርስ እንደነበረ ከሆነ ተሳክቷል፤ ተክሉ ግን ከወር በኋላ እንደነበረ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ጥያቄ መልስ እዚህ ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የምንወደውን ሰው የምናስረው እንደ ጭነት ነው። መታሰር የነበረበት ግን እንደ ችግኝ ነው።

በመጀመሪያ ለተደጋፊው እንናገር። ቲማቲም ድጋፍ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ደካማ ስለሆነ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የቲማቲም ዘር ሐረግ ከደቡብ አሜሪካ ነው። የዱሩ ቲማቲም መሬት ላይ እየተንፏቀቀ ይኖር ነበር፤ ግንዱ አፈር በነካበት ቦታ ሁሉ አዲስ ሥር ያበቅላል። ፍሬው ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ትንሽ ስለነበር ምንም አልቸገረውም። ፍሬው ትልቅና ከባድ እንዲሆን እየመረጠ ያራባው የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ግንዱ የሚያጎነብሰው ጉድለት ኖሮበት ሳይሆን ከድሮው የሚበልጥ ፍሬ እንዲሸከም ስለተፈለገ ነው። ያን ፍሬ ከእርሱ የምንፈልገው እኛ ከሆንን እንጨቱን ማቆምም የእኛ ድርሻ ነው።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ራሳችሁን በዚህ ዓይን ተመልከቱ። አያቶቻችን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሞፈር ጨብጠው ራሳቸውን ይችሉ ነበር፤ ከእነርሱ የሚጠበቀው ያ ነበርና። ከእናንተ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ቤተሰብ መርዳት ይጠበቃል። ፍሬው ከብዷል። ከባድ ፍሬ እንዲያፈራ የሚጠበቅ ሰው ለጊዜው ቢደገፍ የሚያሳፍር አይደለም።

ይህን ቁርአንም ያስተምረናል። በሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ዳስ የተሠራላቸውንም ያልተሠራላቸውንም የአትክልት ቦታዎች ያስገኘው እርሱ መሆኑን ይነግረናል። ለመጀመሪያው ብዙ ሙፈሲሮች የሚጠቅሱት ምሳሌ የወይን ሐረግ ነው። ልብ በሉ! ዳስ የሚያስፈልገው ተክል በስሕተት የተፈጠረ አይደለም። ከሚቆመው ዛፍ ጋር በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ የጸጋ ቆጠራ ውስጥ ተጠቅሷል። ከዚያም ከሁለቱም ፍሬ ብሉ፣ በምርቱ ቀንም ሐቁን ስጡ ተብለናል። በዳስ ያደገው ፍሬ ሐቅ ከመስጠት ነፃ አልተባለም፤ ከሌላው ያነሰ ፍሬ ነውም አልተባለም።

ነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ደግሞ አስታውሱ። ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ከአላህ የጠየቁት በወንድማቸው በሃሩን እንዲበረቱ ነበር። በሱረቱ ጣሃ የተጠቀሰው ቃል ከ«አዝር» የመጣ ነው፤ ብርታት፣ የወገብ ጥንካሬ ማለት ነው። በሱረቱል ፈትሕ መጨረሻ ላይ አላህ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ቀንበጡን አውጥቶ፣ አበርትቶ፣ ወፍሮ በግንዱ ላይ በቆመ አዝመራ ሲመስላቸውም ለ«አበረታ» የመጣው ቃል ከዚሁ ሥር ነው። የአላህ ነቢይ ወንድሙን ድጋፍ አድርጎ ከጠየቀ፣ እኛ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ግን ይህን የሰማ ሰው ተዝናንቶ እንዳይቀመጥ ቁርአን ሌላም ምሳሌ አለው። በሱረቱል ሙናፊቁን አራተኛው አንቀጽ ሙናፊቆች ግድግዳ ላይ በተደገፉ እንጨቶች ተመስለዋል። እነርሱም ተደግፈዋል፤ ግን ሥር የላቸውም፣ አያድጉም፣ አያፈሩም። የተደገፈ ደረቅ እንጨትና የተደገፈ ችግኝ ከሩቅ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነታቸው ከወር በኋላ ይታወቃል። ስለዚህ የሚደገፍ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ለምን ተደገፍኩ?» ብሎ ሳይሆን «እያደግኩ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ወንድምህ በጀርባው ተሸክሞ ባመጣው ብር ተመዝግበህ ክፍል የማትገባ ከሆነ፣ ችግርህ መደገፍህ ሳይሆን መድረቅህ ነው።

አሁን ወደ ደጋፊው እንምጣ። ቲማቲም በደንብ የሚያስር ሰው የሚያውቃቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። እንጨቱ የሚተከለው ችግኙ ሲዛወር ወይም ወዲያው ጥቂት ቆይቶ፣ ገና ድጋፍ የሚፈልግ በማይመስልበት ጊዜ ነው። ተክሉ ከወደቀ በኋላ እንጨት ልትተክል ብትል ሥሩን ትበጥሳለህ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን የሚያስታውሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ሱስ ውስጥ ከገባ፣ ከትምህርት ከተባረረ በኋላ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ያኔ የሚተከለው እንጨት ዘግይቶ ስለመጣ ያቆስላል። ገና ደህና ሳለ «እንዴት ነህ? ምን ጎደለህ?» የሚል ወንድም የበለጠ ረድቷል።

ሁለተኛው የማሰሪያው ዓይነት ነው። ሽቦ ጠንካራ ነው፤ ግን ግንዱ ሲወፍር ውስጡ ይገባና ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ይመረጣል። አስተሳሰሩም በስምንት ቁጥር ቅርጽ ነው፦ ማሰሪያው አንዴ በእንጨቱ፣ አንዴ በግንዱ ይዞራል፤ በመካከላቸው ይጠላለፋል። በእንጨቱ በኩል ጠበቅ፣ በግንዱ በኩል ላላ ይላል። ጥብቅነቱ የደጋፊው ድርሻ ነው፤ ልልነቱ የተደጋፊው። እኛ ብዙውን ጊዜ ይህን ገልብጠን እንሠራለን። የራሳችንን ቃል እናላላለን፤ አንድ ወር እንልካለን፣ አንድ ወር እንረሳለን። የልጁን አንገት ግን እናጠብቃለን፦ ይህን ተማር፣ ያቺን አግባ፣ ከእገሌ ጋር አትታይ፣ ያለ እኔ ፈቃድ አትናገር።

ሽቦውስ ምንድን ነው? በሸሪዓ ቋንቋ ስሙ «መን» ይባላል፤ የዋሉትን ውለታ መቁጠር፣ መመጻደቅ ማለት ነው። በሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰደቃችሁን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ ብሎ ያስጠነቅቃል። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ትንሽ አፈር በላዩ ባለበት ለስላሳ ቋጥኝ ተመስሏል፤ ዝናብ ሲወርድ አፈሩ ታጥቦ ባዶ ይቀራል። ታላቅ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን በደንብ አስተውል። በፀሐይ ላብህን አፍስሰህ፣ ትከሻህ እስኪላጥ ተሸክመህ ያገኘኸውን ለታናሽህ ሰጠህ። ከሰደቃ ሁሉ በላጩ ለዘመድ የሚሰጥ ሰደቃ ነው፤ ሁለት አጅር አለው። ታዲያ ያን ሁሉ ድካም በአንድ ማታ ንግግር ለምን ታጥበዋለህ? ብሩ ወጥቷል፤ አይመለስም። አጅሩ ግን በምላስህ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ንፋስ ነው። የሞጆንና የአዳማን ንፋስ የማያውቅ የለም፤ አዳማ አጠገብ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህን ንፋስ ፈርቶ ተክሉን ከእንጨቱ ጋር ጥርቅም የሚያደርግ ሰው የጠቀመው ይመስለዋል። ነገር ግን ተክል ሲወዛወዝ ግንዱ እየወፈረ ይሄዳል፤ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ተክል ግንዱ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ላላ ያለው እስር ንፋሱን አያስቀርለትም፤ የሚያደርግለት ነገር ንፋሱ እንዳይሰብረው መጠበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚንን ንፋስ በሚያጎነብሰውና በሚያቃናው ለጋ ቡቃያ መስለውታል፤ ሙናፊቅን ደግሞ ሳይነቃነቅ ቆሞ በአንድ ጊዜ በሚነቀል ዛፍ። ልጅህ ከስሕተት ሁሉ እንዲጠበቅ አድርገህ ካሰርከው፣ ከስሕተት መነሣትንም አይማርም።

አንዳንዱ ታላቅ ወንድም ወይም አባት እዚህ ላይ «ታዲያ ላላ አድርገን ይጥፋ?» ይለኝ ይሆናል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ማላላትና መተው ይለያያሉ። ቲማቲም አንዴ ታስሮ አይረሳም። ባደገ ቁጥር፣ በየስንዝሩ ከፍ እየተባለ አዲስ እስር ይታሰርለታል። ላላ አድርጎ የሚያስር ሰው እንዲያውም ይበልጥ መመላለስ አለበት። አጥብቆ የሚያስር ነው አስሮ ተኝቶ የሚያድር።

የዚህን ሚዛን ምርጥ ምሳሌ በመዲና እናገኛለን። ሙሃጅሮች ንብረታቸውን መካ ጥለው ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ጋር አወዳጇቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ አቀረቡላቸው። ዐብዱረሕማን ግን በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በዚያ ገበያ ነግደው ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ቻሉ። ሰዕድ ሳይቆጥሩ ሊሰጡ ተዘጋጁ፤ ዐብዱረሕማንም ሳይንቁ አመስግነው የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ወሰዱ። የገበያውን መንገድ ማሳየትም ድጋፍ ነበር።

ሌላው ምሳሌ የራሳችን አገር ነው። በነቢይነቱ አምስተኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ኢስላም ገና ለጋ ቡቃያ ሳለ የመካ ንፋስ ሲከብድ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ነጃሺ አስጠጓቸው፤ ቁረይሾች እንዲያስረክቧቸው ስጦታ ይዘው ቢመጡም እምቢ አሉ። ከዓመታት በኋላ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈርና (ረ.ዐ) አብረዋቸው የነበሩት ወደ መዲና የሚሄዱበት ጊዜ ሲደርስ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት አኑሬያችሁ እንዴት ትሄዳላችሁ?» አላሉም፤ በመርከብ ሸኟቸው። ድጋፍ እንዲህ ነው። ንፋሱ ሲመጣ አጥብቆ ይቆማል፣ የመሄጃው ቀን ሲመጣ ይፈታል።

ደጋፊን የሚያጽናና አንድ ነገርም ልጨምር። እንጨቱ ራሱ አያፈራም። ሰው ቲማቲሙን አይቶ ያደንቃል፤ ስለ እንጨቱ የሚያወራ የለም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። ተክሉ ቆሞ እንዲያፈራ ያደረገው ድጋፍ ከዚህ አጅር ይጎድላል ብላችሁ ታስባላችሁ? ደግሞም እንጨቱ ራሱ የቆመው በመሬት ተይዞ ነው። ሌላውን ደግፌያለሁ የሚል ሰው እርሱን ያቆመው ማን እንደሆነ ቢያስብ ለመመጻደቅ አፉ አይከፈትም። ጤናውን፣ ጉልበቱን፣ ሥራውን የሰጠው አላህ ነው። ሁሉም የሚደገፍበት፣ እርሱ ግን በማንም የማይደገፍ አስ-ሰመድ እርሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለጠያቂው ወንድማችን መልሴ ይህ ነው። ትምህርትህን አትተው። ቋጠሮው ስላመመህ እንጨቱን አትንቀል፤ ቋጠሮው እንዲላላ ጠይቅ። ተስማሚ ሰዓት ምረጥ፤ ከሥራ ደክሞ በገባበት ማታ አይሁን። አስቀድመህ አመስግነው፤ ሰውን ያላመሰገነ አላህንም አላመሰገነም ተብለናልና። ከዚያ «ወንድምጋሼ፣ ያደረግህልኝን ሁሉ አልረሳም። ስትቆጥርብኝ ግን ልቤ ይሰበራል» በለው። ውጤትህን አሳየው፤ ማደግህን ሲያይ የሚረጋጋ ወንድም ብዙ ነው። በትርፍ ጊዜህ የምትሠራው ትንሽ ሥራ ካገኘህም ሥራ፤ ከፊሉን ሸክም ማቅለል ውለታ መመለስ ነው። ተናግረህም ካልሆነ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው አማክር።

ለታላላቆችም መልእክቴ አጭር ነው። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ወደምትረዱት ሰው ደውሉና ስለ ገንዘብ ምንም ሳታነሡ ደህንነቱን ብቻ ጠይቁ። ይህ የሚያላላውን ቋጠሮ ሺህ ብር አያላላውም።

ደግሞም ድጋፍ ሁሉ ተፈቶ የሚያልቅ አይደለም። እስከ መጨረሻው እየረዘሙ የሚሄዱ፣ እስከ መጨረሻው ምርታቸውም እንጨቱን የሚፈልጉ የቲማቲም ዓይነቶች አሉ። ያረጁ ወላጆቻችን፣ የታመሙ ዘመዶቻችን፣ አካል ጉዳተኛ ወንድሞቻችን እንዲህ ናቸው። ለእነርሱ የሚደረግ ድጋፍ «መቼ ነው ራሱን የሚችለው?» ተብሎ አይጠየቅበትም።

አላህ ሆይ! የደገፉንን ሁሉ፣ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም፣ በራሕመትህ ደግፋቸው። ስንሰጥ ከመመጻደቅ፣ ስንቀበል ከመካድ ጠብቀን። ታናናሾቻችን በእጃችን ላይ የሚያድጉ እንጂ የሚቆረጡ አታድርጋቸው። አሚን።

በዚህ ጁሙዓ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። በዱዓችሁም አስታውሱን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።